ዋርካ ያለው ተረት፦ ሰባት ቀን በአየርላንድ አማልክትና ጀግኖች አገር

ቀን 1፦ ደብሊን፣ መስከረም 5

በፖስታ ቤቱ መስኮት ውስጥ ያለው ሰው ሞቷል፤ ጠላቶቹ ግን ገና አላመኑም። ቆሞ ለመሞት ብሎ ራሱን ከትክል ድንጋይ ጋር አስሯል። አንገቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ትከሻው ላይ ቁራ አርፋለች። ቁራዋ እስክታርፍበት ድረስ አንድም ሰው ሊጠጋው አልደፈረም። ኩ ኹሊን ይባላል፤ የአይሪሾች ታላቅ ጀግና ነው። ቀራጺው ኦሊቨር ሼፐርድ ሐውልቱን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። በ1916 በዚሁ ሕንፃ መሽገው በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ለተነሡት ሰዎች መታሰቢያ እንዲሆን በ1935 እዚህ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሥራ ስገባና ስወጣ በዚህ ነው የማልፈው፤ አንድ ቀን ቆሜ አይቼው አላውቅም» አለች የአክስቴ ልጅ። ደብሊን ውስጥ ነርስ ናት። የዓመት ፈቃዷን ከእኔ ጉዞ ጋር አስማምታ፣ መኪናዋን አስፈትሻ፣ ከለንደን እስክመጣ ስትጠብቀኝ ነበር።

ተረት የወደድኩት በአያቴ ነው። አያቴ ስትተርት ቦታ ትጠራ ነበር፤ «ከወንዙ ማዶ ካለው ዋርካ ሥር» ትላለች፤ እኔም በማግስቱ ወርጄ ዋርካውን አየዋለሁ። የኬልቶችን (የጥንት አይሪሾችንና የቋንቋ ዘመዶቻቸውን) ታሪክ ማንበብ ስጀምር የያዘኝ ይኸው ነገር ነው። አማልክቱ ኮረብታ አላቸው፤ ጀግኖቹ የሞቱበት ድንጋይ፣ የተዋጉበት መልካ በስሙ ይታወቃል። የጥንት አይሪሾች የቦታ ስም አመጣጥን ብቻ የሚተርክ ራሱን የቻለ የድርሰት ዘርፍ ነበራቸው፤ ዲንሸናኸስ ይባላል። እኔም እንደ ልጅነቴ ወርጄ ዋርካውን ላይ መጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ኪልዴር ጎዳና ላይ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም አንድ ስንዝር የማትሞላ የወርቅ ጀልባ ፊት ብዙ ቆየሁ። እ.ኤ.አ. በ1896 በሰሜን አየርላንድ ብሮይተር በተባለ ቦታ መሬት ሲታረስ ከሌሎች የወርቅ ጌጦች ጋር የተገኘች ናት። ዕድሜዋ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ነው። መቅዘፊያዎቿ እንደ ስፌት መርፌ የቀጠኑ ናቸው፤ ምሰሶዋም አለ፤ ቀዛፊዎቹ የሚቀመጡባቸው አግዳሚዎችም አሉ። ብዙዎች ለባሕር አምላክ ለማናናን የተሰጠ ስእለት ነው ብለው ያምናሉ። አንጥረኛው እያንዳንዱን መቅዘፊያ ለብቻው ሠርቶ በቦታው ሲያስገባ ምን ያህል እንደተጠበበ አሰብኩ። ለሰው ዓይን ብቻ ተብሎ እንዲህ አይለፋም።

ማታ ኮምፒውተሬን ከፍቼ የብራና ገጾችን አየሁ። የእነዚህ ታሪኮች ዋና ምንጮች ሁለት መጻሕፍት ሲሆኑ ሁለቱም እዚሁ ደብሊን ይገኛሉ። አንደኛው «የጠይሟ ላም መጽሐፍ» ይባላል። ከጸሐፊዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1106 በክሎንማክኖይዝ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በወራሪዎች ተገድሏል። ከመጽሐፉ የተረፈው 67 ቅጠል ብቻ ነው። ሁለተኛው በትሪኒቲ ኮሌጅ ያለው የሌንስተር መጽሐፍ ነው፤ በዚህ ውስጥ ያለው የአንድ ጸሐፊ ማሳረጊያ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ታላቁን የከብት ዘረፋ ታሪክ ጽፎ ሲጨርስ በመጀመሪያ በአይሪሽ ቋንቋ፣ ታሪኩን ሳይለውጥ በቃሉ የሚይዘውን ሁሉ ይመርቃል። ቀጥሎ በላቲን፣ ይህን የጻፍኩት እኔ ግን ብዙውን አላምንም፣ ከፊሉ የአጋንንት ማታለያ፣ ከፊሉ የገጣሚ ፈጠራ ነው ይላል። የማያምንበትን ነገር አንዲት ቃል ሳያጎድል ጽፎ፣ የሚጠብቀውን ሰው መረቀ። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ጎንበስ ብሎ መጻፍ ምን ድካም እንዳለው ለሚያውቅ አገር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአያቴን ተረት ማንም አልጻፈውም።

ቀን 2፦ ኒውግሬንጅ፣ መስከረም 6

የቦይን ወንዝን በእግረኛ ድልድይ ተሻገርን። ውኃው ጠቆር ያለ፣ ዝም ያለ ነው። ፊን የተባለው ጀግና ልጅ ሳለ ጥበብን ያገኘው ከዚህ ወንዝ ነው። መምህሩ የእውቀትን ዓሣ ለሰባት ዓመት ሲጠብቅ ኖሮ አጠመደና «ጥበስልኝ፣ እንዳትቀምስ» አለው። ልጁ የዓሣው ቆዳ ላይ የወጣችውን እብጠት በአውራ ጣቱ ቢጫን አቃጠለው፤ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። በቃ፤ ጥበቡ ወደ ልጁ ገባ። መምህሩ አልተቆጣም፤ ዓሣውን ሙሉውን አበላው። ስለዚህ መምህር ያለኝ ፍቅር ከፊን ይበልጣል።

ወንዙ ራሱ የሴት አምላክ ስም ነው፤ ቦአን ትባላለች። የአማልክቱ አባት ዳግዳ ወደዳት፤ ባለቤት ነበራትና ባሏን መልእክት ብሎ ሰደደው። ሰውየው አንድ ቀን የዋለ መሰለው፤ ዳግዳ ግን ፀሐይዋን አቁሞ ዘጠኝ ወር አድርጎት ነበር። በዚያች አንድ ረጅም ቀን ተፀንሶ የተወለደው ኤንገስ ነው። ኤንገስ አድጎ ይህን ቤት፣ ኒውግሬንጅን፣ «ለቀንና ለሌሊት» ብሎ ተዋሰ። ሊያስወጡት ሲመጡ፣ ዘመን ሁሉ ቀንና ሌሊት አይደለም ወይ ብሎ ቀረ።

ጉብታው 85 ሜትር ያህል ስፋት፣ 13 ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ ዙሪያውን 97 ግዙፍ ድንጋዮች ከበውታል። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ዓመት ገደማ ነው፤ ከጊዛ ፒራሚዶች ይቀድማል። ሠሪዎቹ ኬልቶች አይደሉም፤ የኬልት ቋንቋ ወደዚህ ደሴት የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ዘግይተው የመጡት ሰዎች ይህን ቤት ሲያዩ የሰው እጅ ሥራ ነው ብለው ማመን ያቃታቸው ይመስለኛል፤ ለአማልክት ሰጡት። ታሪኩም እንዲህ ይላል፦ አማልክቱ ቱአሃ ዴ ዳናን በሰዎች ሲሸነፉ ደሴቲቱ ለሁለት ተከፈለች፤ ከመሬት በላይ ያለው ለሰው፣ ከመሬት በታች ያለው ለእነርሱ ሆነ። እያንዳንዱ ጉብታ የአንዱ ቤት ነው።

መተላለፊያው 19 ሜትር ነው። ትከሻዬ በሁለቱም በኩል ድንጋይ እየነካ፣ አንዳንድ ቦታ ጎንበስ እያልኩ ገባሁ። ውስጠኛው ክፍል ጣሪያው ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ የተዘጋ ነው፤ ከአምስት ሺህ ዓመት በኋላም ዝናብ አያስገባም። አስጎብኚዋ መብራቱን አጠፋችው። እንዲህ ያለ ጨለማ ከልጅነቴ ወዲህ አላየሁም። ከዚያ በኤሌክትሪክ አምፖል የታኅሣሥን ንጋት አሳየችን፤ ከበሩ በላይ ካለችው ጠባብ መስኮት አንድ ቀጭን የወርቅ ክር ወለሉ ላይ ተዘረጋና ቀስ ብሎ ወደ እግራችን ተሳበ። እውነተኛው ብርሃን የሚገባው በዓመቱ አጭር ቀን ሰሞን፣ ለ17 ደቂቃ ነው። አርኪዮሎጂስቱ ማይክል ኦኬሊ የአካባቢው ሰው ፀሐይ ይገባል ሲል ሰምቶ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1967 ብቻውን ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀ፤ አየም። ፀሐይ የቆመበት ቤት ነው የሚለው የዳግዳ ተረት በሰው አፍ ሲኖር፣ መስኮቷ በአፈር ተደፍና ነበር። ይህን ሳስብ ጠጉሬ ቆመ።

ቀን 3፦ ታራ፣ መስከረም 7

ታራ ላይ የሚታይ ሕንፃ የለም። ሣር፣ በግ፣ ክብ ክብ ጉድጓድና ጉብታ ነው። የአየርላንድ ነገሥታት ሁሉ የሚመኙት ዙፋን እዚህ ነበር። በመካከሉ ሊያ ፋል የተባለው ትክል ድንጋይ ቆሟል፤ ትክክለኛው ንጉሥ ሲረግጠው ይጮኻል ይባላል። ከአማልክቱ አራት ቅርሶች አንዱ ነው። ጠዋት ጭጋግ ነበር፤ ድንጋዩን ስዳስሰው እንደ በሬ አፍንጫ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው።

የጠይሟ ላም መጽሐፍ ከመጻፉ በፊት፣ በየዓመቱ በሳዊን፣ ዛሬ ሃሎዊን በሚባለው ሌሊት፣ አይለን የሚባል መንፈስ ከመሬት በታች ወጥቶ በገና እየደረደረ ሰዉን ሁሉ ያስተኛና ታራን ያቃጥል ነበር። ያስቆመው ያው ዓሣ ጠባሹ ልጅ ፊን ነው። የጦሩን ስለት ግንባሩ ላይ ጭኖ፣ እንቅልፍ ሲመጣበት ሕመሙ እያነቃው ጠበቀውና ገደለው።

ይህን ለመስማት ነበር የመጣሁት። ያልጠበቅኩትን ግን የሰማሁት ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው የተቆፋፈረ ጉብታ ላይ ስቆም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1902 ድረስ እንግሊዞች የጠፉት የእስራኤል ነገዶች ዘር ናቸው ብለው የሚያምኑ ሰዎች እዚህ ቆፍረዋል። ሲፈልጉ የነበሩት ታቦተ ጽዮንን ነው።

ቆሜ ቀረሁ። የአክስቴ ልጅ «የእኛን?» አለችኝ። አዎ፣ አክሱም ጽዮን ናት ስንባል ያደግንባትን። እናቴ ኅዳር ጽዮንን ሳታከብር ቀርታ አታውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ በአንድ መነኩሴ ጥበቃ ሥር ካለ አንድ ቤት ሌላ ቦታ ያላሰብኳትን ታቦት፣ ሰዎች በአየርላንድ አፈር ውስጥ በአካፋ ፈልገዋታል። አላገኟትም። ያበላሹት ጉብታ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ጠባሳው ይታያል። ገጣሚው ዬትስና ኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ዳግላስ ሃይድ እ.ኤ.አ. በ1902 በለንደን ጋዜጣ ላይ ተቃውሞ ጻፉ፤ ቁፋሮውም ቆመ። የሌላውን ሰው ቅዱስ ቦታ የራስን ቅዱስ ነገር ለማግኘት ማፍረስ ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ጉብታ በላይ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ እርምጃዬን ሁሉ ሣሩን እየፈራሁ ረገጥኩ።

ቀን 4፦ ኡሽነኽ፣ መስከረም 8

የደሴቲቱ እምብርት የሚባል 182 ሜትር ከፍታ ያለው ኮረብታ ነው፤ የሚገኘው በግል መሬት ላይ ስለሆነ ከአስጎብኚ ጋር ወጣን። ጎኑ ላይ ከቤት የሚበልጥ የተሰነጣጠቀ የኖራ ድንጋይ አለ። አይጥ የምትጠብቅ ድመት ስለሚመስል የድመት ድንጋይ ይሉታል። ጥንታዊ ስሙ የመከፋፈያ ድንጋይ ነው፤ የአገሪቱ ክፍላተ ሀገር የሚገናኙት እዚህ ነበር። ኤሪው የተባለችው አምላክ ከሥሩ ተቀብራለች ይባላል። ድል አድርገው የመጡትን ሰዎች በዚህ ኮረብታ ላይ ተቀብላ የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ነው፤ ደሴቲቱ በስሜ ትጠራልኝ አለች። አየርላንድ የሚለው ስም ከእርሷ ነው። ተሸንፋም ስሟን አስቀረች።

በግንቦት መግቢያ እዚህ ትልቅ እሳት ይነድ ነበር፤ በበዓሉ ከብቶችን በሁለት እሳት መካከል ያሳልፉ ነበር። ደመራ ስምንት ቀን ቀርቶታል፤ ሁለታችንም የችቦ ሽታ ናፈቀን።

ቀን 5፦ ራትክሮሃን፣ መስከረም 9

የዛሬው ቀን ከሁሉ ይበልጣል። በሮስኮመን ሜዳ ላይ የንግሥት ሜቭ መቀመጫ ክሩአኻን ነበረ። አሁን የሚታየው ላሞች የሚግጡበት ሰፊ ጉብታ ነው፤ በዙሪያው ከ200 በላይ ጥንታዊ ቦታዎች አሉ።

የታላቁ የከብት ዘረፋ ጦርነት የተጀመረው እዚህ፣ በአንድ አልጋ ላይ ነው። ሜቭና ባሏ አሊል ተኝተው ሲጫወቱ «ካገባሁሽ ወዲህ ተሻለሽ» አላት። «ከአንተ በፊትም ደህና ነበርኩ» አለችው። ክርክሩ ጠና፤ ንብረታቸው ሁሉ ወጥቶ ተቆጠረ። ድስት ከድስት፣ ቀለበት ከቀለበት፣ በግ ከበግ፣ ፈረስ ከፈረስ እኩል ሆነ። አንድ ነጭ ኮርማ ብቻ ልዩነት አመጣ። ኮርማው የተወለደው ከእርሷ መንጋ ነበር፤ ሴት አታዘኝም ብሎ ወደ ባሏ መንጋ ሄደ። ያን የሚተካከል ቡናማ ኮርማ በሰሜኑ ክፍለ ሀገር በኡልስተር፣ በኩሊ ምድር እንዳለ ሰማች። ለአንድ ዓመት እንዲያውሷት ሃምሳ ጊደር፣ መሬትና ሠረገላ ልትሰጥ መልእክተኛ ላከች። ባለቤቱ በደስታ እሺ አለ። ማታ ግን መልእክተኞቹ ጠጡና ባይሰጠን በጉልበት እንወስደው ነበር ብለው አወሩ። ነገሩ ያኔ ተበላሸ። ከብት ባለበት አገር ያደገ ሰው ይህን ታሪክ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ስንት የጎረቤት ጠብ በአንድ ወይፈን እንደሚነሣ እናውቃለን። የሜቭን ቁጣም አልነቅፍም። በንብረት እኩል የሆነች ሚስት በሕግ እኩል ትሆን ስለነበር፣ ያ ኮርማ የክብሯ ልክ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የድመቶች ዋሻ ገባን። ቦታው በእርሻ መንገድ ዳር፣ ከእሾህ ቁጥቋጦ ሥር ያለ የቀበሮ ጉድጓድ የሚያህል ቀዳዳ ነው። በደረት ነው የሚገባው። መግቢያው ላይ በተጋደመው ድንጋይ ጠርዝ የተቀረጹ አጫጭር መስመሮች አሉ፤ ኦጋም የሚባለው ጥንታዊ ጽሕፈት ነው። አስጎብኚያችን ባትሪውን በጎን በኩል አበራበትና በጣቱ እየተከተለ አነበበልን፦ «የፍሬኽ፣ የሜድቭ ልጅ»። መስመሮቹን በጥፍሬ ተከተልኳቸው። የተረቷ ንግሥት ስም በድንጋይ ላይ! የሜቭ ስም እንጂ ሜቭ ራሷ መሆኗን የሚያረጋግጥ የለም፤ እጄ ግን ለጊዜው ይህን አልሰማም።

ከዚያ ወዲያ በሰው የተሠራው መተላለፊያ ያልቅና የተፈጥሮ ዋሻ ይጀምራል። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። መብራታችንን አጠፋን። የጥንት ክርስቲያን ጸሐፊዎች ይህን የአየርላንድ የሲኦል በር ብለውታል። በሳዊን ሌሊት፣ ዛሬ ዓለም ሃሎዊን ብሎ በሚያከብረው ማታ፣ ከዚህ አስፈሪ ፍጥረታት ይወጡ ነበር፤ የጦርነት አምላክ የሆነችው ሞሪጋንም መኖሪያዋ እዚህ ነው። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ይሰማል። የአክስቴ ልጅ ቀስ ብላ አማተበች፤ እኔም አማተብኩ።

ማታ ስላይጎ ስንደርስ ቀድመን ከፍለን የያዝነው የእንግዳ ማረፊያ ክፍላችንን ለሌላ ሰው ሰጥቶት ጠበቀን። ጭቃ በጭቃ ሆነን እስከ እኩለ ሌሊት ሌላ ፈለግን።

ቀን 6፦ ኖክናሬይ፣ መስከረም 10

327 ሜትር ከፍታ ያለውን ተራራ በዝናብ ወጣን። ጫፉ ላይ ማንም ያልቆፈረው ግዙፍ የድንጋይ ክምር አለ። ሜቭ በውስጡ ጦሯን እንደያዘች፣ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ጠላቶቿ ወደ ኡልስተር አዙራ ተቀብራለች ይባላል። ክምሩ ላይ እንዳይወጣ የሚያሳስብ ጽሑፍ አለ። ታራን ካየሁ በኋላ ሳይነገረኝም አልወጣም ነበር። ጭጋጉ ባሕሩን ሸፍኖታል፤ ሜቭ የምታየውን አላየሁም። ረጅም መንገድ ነድተን አርማ ከተማ አደርን።

ቀን 7፦ ከኤመን ማኻ እስከ መልካው፣ መስከረም 11

አርማ ማለት የማኻ ከፍታ ማለት ነው። ከከተማው አጠገብ ያለው ኤመን ማኻ ደግሞ የማኻ መንትዮች። ማኻ የአንድ ገበሬ ሚስት ሆና የኖረች አምላክ ናት። ባሏ በንጉሡ ፊት ሚስቴ ከፈረሶችህ ትፈጥናለች ብሎ ተናገረ። ነፍሰ ጡር ነበረች። እስክወልድ ጠብቁኝ ብላ ለመነች፤ እናት ወልዳችኋለች እያለች ተማጸነች። የሰማት የለም። ሮጠች፣ ቀደመች፣ መድረሻው ላይ መንታ ወለደች። የኡልስተር ወንዶች በክፉ ቀናቸው የምጥ ሕመም ይያዛችሁ ብላም ረገመች። የሜቭ ጦር ሲመጣ፣ ኡልስተርን ብቻውን ከተከላከለው ከኩ ኹሊን በቀር ሁሉም በምጥ የወደቁት በዚህ እርግማን ነው። ነርሷ የአክስቴ ልጅ ከሰባቱ ቀን ታሪክ ሁሉ ይህን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ጉብታው ሲቆፈር 40 ሜትር ስፋት ያለው የእንጨት ቤት ዱካ ተገኝቷል። የመካከሉ የወይራ ዛፍ የመሰለ ግዙፍ የኦክ ምሰሶ የተቆረጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ95 ዓመት ገደማ ነው። ቤቱን ሠርተው በድንጋይ ሞሉት፤ ከዚያ አቃጥለው አፈር አለበሱት። ከእኛ አህጉር የመጣ እንግዳም ነበር፤ የሰሜን አፍሪካ ዝንጀሮ ራስ ቅል ከዚህ ወጥቷል። ማን አመጣው? በየትኛው ጀልባ?

ወደ ደቡብ ወርደን በላውዝ፣ ኖክብሪጅ አጠገብ፣ እርሻ መካከል ቆምን። የትልቁ ሰው ድንጋይ ይሉታል፤ ከእኔ ቁመት አንድ ተኩል ጊዜ ይረዝማል። የፖስታ ቤቱ ሰው ራሱን ያሰረበት ይህ ነው። ኩ ኹሊን ማለት የኩላን ውሻ ማለት ነው፤ በልጅነቱ የአንጥረኛውን የኩላንን ውሻ ገድሎ፣ ሌላ እስኪያድግልህ እኔ እጠብቅልሃለሁ በማለቱ ያገኘው ስም ነው። ስለዚህ የውሻ ሥጋ እርሙ ነበር። ከምድጃ የቀረበለትን ምግብ እምቢ ማለትም እርሙ ነበር። በመጨረሻው ቀን ሦስት አሮጊቶች የውሻ ሥጋ ጠብሰው በመንገዱ ዳር ጠበቁት። በላ፤ ምግቡን የነካው እጁ ኃይል አጣ። ጀርባዬን ድንጋዩ ላይ አስደገፍኩ። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ከየትም የሚመጣ ጠላት ይታያል።

ሲመሽ አርዲ ደረስን። አርዲ የፈርዲያ መልካ ማለት ነው። ፈርዲያ የኩ ኹሊን አብሮ አደግ ነበር፤ ከአንድ መምህር ዘንድ ጦር ተምረዋል፣ ባንድ አልጋ ተኝተዋል። ሜቭ በስጦታና በስድብ አስገድዳ ላከችበት። በዚህ መልካ ቀን ቀን ይዋጋሉ፤ ማታ ተቃቅፈው ይሳሳማሉ፤ ፈረሶቻቸው ባንድ በረት ያድራሉ፤ አንዱ የቁስል መድኃኒቱን፣ ሌላው ምግቡን ያካፍላል። በሦስተኛው ማታ ግን ሳይሳሳሙ ተለያዩ። በማግስቱ ኩ ኹሊን ገደለው።

ወንዙን ሳየው ጠባብ ነው፤ ልጅ ድንጋይ ወርውሮ ያሻግረዋል። በዳሩ ላይ አንዱ ሌላውን የተሸከመበት የነሐስ ሐውልት አለ። ኩ ኹሊን ቁስሉ እየደማ የጓደኛውን ሬሳ አንሥቶ፣ በጠላት ወገን እንዳይቀር፣ ውኃውን አቋርጦ ወደ ሰሜኑ ዳር ወሰደው። እዚያ አስተኝቶት አጠገቡ ወደቀ። የሠረገላው ነጂ ተነሥ፣ ጠላት እየመጣ ነው ቢለው፣ ይህ ከወደቀ እኔ ለምን ልነሣ አለ።

የአክስቴ ልጅ የመኪናዋን መብራት አጥፍታ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «በየትኛው በኩል ነው ያስተኛው?» አለችኝ። በእጄ አሳየኋት።